ከቁማር ጠረጴዛ እስከ ቆሼ፦ ገንዘብን ተክተው የኖሩ ምልክቶች ታሪክ

የአንድን ኅብረተሰብ ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በዜና መዋዕል፣ በሐውልትና በዘውድ ላይ ነው። እነዚህ በእርግጥ ታላላቅ ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ሕዝብ በሥራው ቀን ብቻ ሳይሆን በዕረፍቱ ምሽት፣ በማግኘቱ ብቻ ሳይሆን በማጣቱም የታሪክ ባለቤት ነው። የዕረፍቱና የማጣቱ ታሪክ ግን በብራና አልተጻፈም። የተረፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ኖረው በመጨረሻ ከጥራጊ ጋር በተጣሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ላይ ነው። ከእነዚህም ዕቃዎች አንዱ በመጠጥ ቤትና በቁማር ጠረጴዛ ላይ ገንዘብን ተክቶ ያገለግል የነበረው ምልክት ነው። የዚህ ምልክት ታሪክ ከሩቅ አገር ይጀምራል፤ በአገራችን የገንዘብና የጨዋታ ልማድ በኩል ያልፋል፤ መድረሻውም በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ተብሎ የሚጠራው የጥራጊ ኮረብታ ነው።

ምልክቱና አገልግሎቱ

በቁማር ቤቶች ልማድ ተጫዋቹ ሲገባ ገንዘቡን ለቤቱ ገንዘብ ያዥ ያስረክብና በምትኩ ክብና ጠፍጣፋ የሆኑ፣ በቀለማቸው ዋጋቸው የሚለይ ምልክቶችን ይቀበላል። ሲወጣም የተረፈውን መልሶ በገንዘብ ይለውጣል። የዚህ ልማድ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛው ለሒሳብ አመቺ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን ስሜትን የሚመለከት ነው። ሠርቶ የሚያድር ሰው አንድ ብር ከኪሱ ሲያወጣ ብሩ ስንት ሰዓት እንደተለፋበትና ስንት እንጀራ እንደሚገዛ ያውቃል። ምልክቱ ግን ላብንም እንጀራንም አያስታውስም። ሰውዬው የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ሲያስረክብ በፊቱ የሚያየው ቀይና ሰማያዊ ክቦች ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ የተፈለሰፈው መቁጠርን ለማቅለል ብቻ ሳይሆን ማጣትንም ለማቅለል ነው ማለት ይቻላል።

ምልክቶቹ የተሠሩበት ነገር እንደየዘመኑና እንደየመደቡ ይለያያል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በቻይና የካንቶን ከተማ የነበሩ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ከሚያብረቀርቅ ዛጎል እየፈለፈሉ፣ የገዢውንም ቤተሰብ አርማ እየቀረጹ ለአውሮፓ ባለጸጎች የሚላኩ የካርታ ጨዋታ መቁጠሪያዎችን ይሠሩ ነበር። እነዚህ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ በመስታወት ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። የድሀው መጫወቻ ግን ወይ አጥንት፣ ወይ እንጨት፣ ወይ ፍሬ ስለነበረ አብዛኛው ጠፍቷል።

ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ የሆነው የሲያም፣ ማለትም የዛሬዋ ታይላንድ ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በባንኮክ የነበሩት የቁማር ቤቶች የቤቱ ስምና ዋጋው በቻይንኛ ፊደል የተጻፈባቸውን የሸክላ ምልክቶች ያወጡ ነበር። በአገሩ የዝርዝር ገንዘብ እጥረት ስለነበረ ምልክቶቹ ከቁማር ቤቱ በር ወጥተው በገበያ አትክልትና ዓሣ ይገዛባቸው ጀመር። ሕዝቡ የቁማር ቤቱ ምልክቱን መልሶ በገንዘብ እንደሚለውጥ እስካመነ ድረስ ሸክላው ገንዘብ ነበር። መንግሥትም ይህ በገንዘብ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚነካ መሆኑን ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ1875 ምልክቶቹ በገበያ እንዳይዘዋወሩ ከለከለ። የቁማር ቤቶቹም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1917 ጨርሰው ተዘጉ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የምልክቱ ዋጋ በሸክላው ላይ ሳይሆን በሰዎች መተማመን ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው።

የተከለከለው ቤትና ሰብሳቢው

የቁማር ምልክትን እንደ ታሪክ ማስረጃ መሰብሰብ ይበልጥ የዳበረው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር የኔቫዳ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1931 ቁማርን በሕግ ሲፈቅድ በሌሎቹ ክፍላተ ግዛት አብዛኛው ጨዋታ በሕግ የተከለከለ ነበር። የተከለከለው ግን ከመኖር አልቆመም። በቴክሳስ የባሕር ወደብ በጋልቨስተን፣ በአርካንሳስ የፍል ውኃ ከተማ በሆት ስፕሪንግስ፣ በኬንታኪም በኒውፖርት ከምግብ አዳራሽና ከመጠጥ ቤት ጀርባ የቁማር ክፍሎች ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። ይህም ሊሆን የቻለው ዐይናቸውን የጨፈኑ ባለሥልጣኖች ስለነበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 በሴናተር ኢስቲስ ኬፎቨር የተመራው የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ የቁማር ቤቶችንና የወንጀል ማኅበራትን ግንኙነት በአደባባይ ሲመረምር፣ የምርመራው ሂደት በቴሌቪዥን ስለተላለፈ ሕዝቡ በየከተማው ጓዳ የነበረውን ነገር በግልጽ ተመለከተ።

ሕጉ ሲጠነክር ማስረጃው እንዲጠፋ ተደረገ። በኒውዮርክ ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጓርዲያ እ.ኤ.አ. በ1934 ሳንቲም የሚጎርሱ የቁማር መኪናዎችን በመዶሻ ሰባብረው ከጀልባ ላይ ወደ ባሕር አስጥለዋል። በጋልቨስተንም እ.ኤ.አ. በ1957 የቁማር ቤቶቹ በፖሊስ ሲዘጉ ከመኪናዎቹ ብዙዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተጥለዋል። ሆት ስፕሪንግስ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ ቆየ። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ባለቤቶቹ አለፉ፤ መዝገባቸው ቀድሞውንም አልነበረም። በየመሳቢያውና በየኮት ኪሱ የተረሱት ከሸክላ ቅልቅል የተሠሩ ትንንሽ ክቦች ግን ቀሩ።

በሰብሳቢዎች ዘንድ እነዚህን ክቦች ማግኘት ሳይሆን ማንነታቸውን ማወቅ ነው ከባዱ ሥራ። የተከለከለ ቤት ስሙን በግልጽ አይጽፍም፤ ወይ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ፣ ወይ የአበባና የእንስሳ ሥዕል ያስቀርጻል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ የፋብሪካ መዛግብትን መመርመር ግድ ሆኖባቸዋል። ሜሰን የተባለው አምራች ድርጅት ምልክት ሲያዝዙት የነበሩትን ደንበኞች በካርድ ይመዘግብ ስለነበር፣ ፊደሉን ከካርዱ፣ ካርዱን ከከተማው፣ ከተማውን ከጋዜጣ ዜና ጋር በማያያዝ የስንት ቤት ታሪክ ተገኝቷል። ሰብሳቢዎቹ እ.ኤ.አ. በ1988 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። እንዲህ ሲሆን የጨዋታ ዕቃ የነበረው ክብ የከተማን ታሪክ፣ የሕግን ድክመትና የጉቦን መንገድ የሚመሰክር ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

ከአሞሌ እስከ ቆርኪ

አንድ ነገር ሌላውን ተክቶ ሲሠራ ማየት ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚጓዘው አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ እንዳይሰበርም በልጥ ይታሰር ነበር። 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ሲመጣም ገበሬውና ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቆጠረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ሰብሳቢ በመነጽር የሚያደርገውን ምርመራ ያገራችን ባላገር በባዶ ዐይኑ ያደርገው እንደነበር ከዚህ ላይ ልብ ይሏል። በአፄ ምኒልክ ዘመን 1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ብሮች ከፓሪስ ተሠርተው ሲመጡ ሕዝቡ ወዲያው አልተቀበላቸውም። ጥይት እንኳ በየገበያው እንደ ዝርዝር ሲቆጠር ኖሯል። የወረቀት ብርና ሳንቲም በመላው አገር ሥር የሰደዱት ከ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ወዲህ ነው።

የጨዋታውም ልማድ ጥንታዊ ነው። በአክሱምና በየሃ አካባቢ በዐለት ላይ የተፈለፈሉት ጉድጓዶች ገበጣ ለስንት ዘመን ሲጫወቱት እንደኖሩ ይመሰክራሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ የገበጣን ዓይነቶች በየአውራጃው ዘርዝረው ጽፈዋል። በመኳንንቱ አዳራሽ ሰንጠረጅ፣ በእረኛው ሜዳ ገበጣ ነበረ። የገበጣው ጠጠር ግን ከመሬት ተነሥቶ ወደ መሬት የሚመለስ በመሆኑ ማንም በስብስብ አላኖረውም።

ቁማር የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ቂማር» ጋር ዝምድና አለው። አዲስ አበባ ካደገች ወዲህ ቁማር ከመጠጥ ቤት ጋር አብሮ አደገ። በጠጅ ቤትና በአረቄ ቤት፣ በኋላም በቡና ቤት፣ በውቤ በረሃና በገዳም ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያና በመርካቶ ዙሪያ ምሽት ሕይወት ነበረው። ካርታ ከጓዳ ተጫወቱ። ከረንቡላ ግን በግልጽ ነበር፤ ተሸናፊው የጠረጴዛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ባስ ሲልም የአሸናፊውን መጠጥ። በመንገድ ዳር ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወሩ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ይባባሉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በወጡት ሳንቲሞች የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ቀርቶ የአንበሳው ጎፈር ብቻ ሲቀር እንኳ «ዘውድ» የሚለው ቃል ከልጆች አፍ አልጠፋም። ሥርዐት ሲለወጥ ከቤተ መንግሥት የወጣ ቃል በቁማር ጨዋታ ውስጥ ተጠልሎ መኖሩ የሚገርም ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በኋላም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ቁማርን ይቀጣሉ። በአንጻሩ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪን አቋቋመ። ሎተሪው ቁጥር ያለው፣ በማተሚያ ቤት የታተመ፣ በአደባባይ የሚወጣ ዕጣ ነው፤ አሮጌ ቲኬቱን ማንም አስቀምጦ ሊያሳይ ይችላል። የጓዳው ካርታ ግን ምንም አልተወም። ተስፋው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የአንዱ ተስፋ በመዝገብ ተቀመጠ፤ የሌላው ጠፋ።

የባንኮክና የጋልቨስተን ዓይነት በልክ የተሠራ ምልክት በድሀው መጠጥ ቤት ቦታ አልነበረውም። በጥሬ ገንዘብ መጫወት በፖሊስ ፊት ማስረጃ ስለሚሆን፣ ወይም ገንዘቡ ራሱ ስለሚያጥር፣ የክብሪት እንጨት፣ የበቆሎ ፍሬ ወይም ቆርኪ ይቆጠር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ቆርኪ የተለየ ቦታ አለው። ቆርኪን እ.ኤ.አ. በ1892 የፈለሰፈው ዊልያም ፔይንተር የተባለ የባልቲሞር ሰው ነው። መጀመሪያ 24 ጥርስ የነበረው ሲሆን በኋላ 21 ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ጠርሙስ መጠጥ ከተስፋፋ ወዲህ ቆርኪ በየደጁ የሚወድቅ ዕቃ ሆነ። የሰፈር ጎልማሶች በካርቶን ላይ መስመር አሥምረው፣ የአንዱን ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላውን በሆዱ አስቀምጠው ዳማ ይጫወቱበታል። ልጆች ቀጥቅጠው ያንሿሽዋሉ። የመጠጥ ድርጅቶችም በተራቸው በቆርኪው ሆድ ሽልማት እየጻፉ ሲሸጡ ቆርኪው ራሱ ሎተሪ እስከመሆን ደርሷል። ስለሆነም የኢትዮጵያን መጠጥ ቤት የጨዋታ ምልክት የሚፈልግ ሰው በዛጎልና በሸክላ ፈንታ ይህንኑ ባለ 21 ጥርስ ቆርቆሮ መፈለግ ይኖርበታል።

የቆሼ ሰብሳቢዎች

ቆርኪው ከመጠጥ ቤቱ ወለል ተጠርጎ የት ይሄዳል? ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል መልሱ አንድ ነበር፤ ወደ ቆሼ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ጥራጊ በረጲ አካባቢ በሚገኘው በዚህ ስፍራ ሲደፋ ኖሯል። ሲጀመር ከከተማው ዳር የራቀ ነበር። ከዚያ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ስፍራውን ከበበው፤ ጥራጊውም እየተከመረ ኮረብታ ሆነ። ስሙም ሥራውን ይናገራል፤ ቆሼ ማለት ቆሻሻ ከሚለው ቃል የወጣ የሰፈር አጠራር ነው። በአቅራቢያው በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል በመኖሩ፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዘው ንቀት ከሌላው ሰፈር ያራቃቸው ቤተሰቦች በዙሪያው ሠፍረዋል። ከገጠር የፈለሱም፣ ኪራይ የከበዳቸውም ተጨምረዋል።

በዚያ ኮረብታ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ጫፉ የቆለመመ ብረት ይዘው፣ የጥራጊ መኪና በደረሰ ቁጥር እየተሻሙ ጠርሙስ፣ ፕላስቲክ፣ አጥንት፣ ብረትና ቆርቆሮ ለይተው አውጥተዋል። የለዩትን የሚገዛ ነጋዴ ነበረ። ከነጋዴው ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ወይም ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌው ከጥራጊው በፊት ያለውን ዕቃ ሲያነሣ፣ የቆሼው ሰው ከጥራጊው በኋላ የቀረውን ያነሣል። ሁለቱም ሰብሳቢ ይባላሉ። ቃሉ ለአሜሪካዊው ሰብሳቢም ያገለግላል፤ ሁሉም ሌላው የጣለውን አንሥተው ዋጋ ያወጡለታልና። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። አንደኛው ቆርቆሮውን የሚገዛው ታሪኩን ስለሚፈልግ ነው፤ ሌላው የሚሸጠው በክብደቱ ነው። አንደኛው ለትርፍ ጊዜው፣ ሌላው ለዕለት ጉርሱ።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ኮረብታው ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተጀምሮ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት ተቋርጦ ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ ከጥራጊ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። የከተማው ጥራጊ ምን ያህል እንደሚመዝንና ስንት ኃይል እንደሚሰጥ በዚህ ጊዜ ተለካ። ለአምሳ ዓመት በእጃቸው የለዩት ሰዎች ያወቁት ነገር ግን፣ ማለትም ከየትኛው ሰፈር ምን ዓይነት ጠርሙስ እንደሚመጣ፣ የትኛው መጠጥ መቼ እንደቀረ፣ የትኛው ፋብሪካ ምልክቱን መቼ እንደለወጠ፣ በማንም አልተጠየቀም፤ በማንም አልተመዘገበም። ከሞቱት ጋር ይህም ዕውቀት ተቀብሯል።

ምን ይሰብሰብ?

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ሲደራጅ ስታኒስላው ሖይናትስኪ የተባሉት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መስቀልና ሥዕል ብቻ ሳይሆን ተራ የቤት ዕቃና የሥራ መሣሪያም እንዲሰበሰብ ጥረዋል። በዚያን ጊዜ ገንቦና ሰፌድ በመስታወት ውስጥ መግባታቸው ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ማንም አይጠራጠርም። የመጠጥ ቤቱና የጨዋታው ዕቃ ግን ገና ተራ አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያሳፍር ይመስላል። ብርሌው የባህል ዕቃ ተብሎ ሲታይ፣ ከብርሌው አጠገብ የነበረው ያደፈ ካርታና የተቆጠረው ቆርኪ የስካርና የክስረት ምልክት ተብሎ ይጣላል።

እርግጥ ነው፣ ቁማር ትዳር የበተነ፣ ደመወዝ የበላ፣ ሰውን ከኮቱና ከሰዓቱ የለያየ ነገር ነው። ዕቃውን መሰብሰብ ቁማሩን ማወደስ አይደለም። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች አንዳንዴ የሚወድቁበት ስሕተት ይህ ነው፤ ክቡን ሲያደንቁ ክቡ የበላውን ቤተሰብ ይረሳሉ። ስብስቡ እውነተኛ የሚሆነው ትርፉንም ኪሳራውንም አብሮ ሲያሳይ፣ ከቆርኪው አጠገብ የቤቱን፣ የሰፈሩንና የተጫዋቹን ኑሮ ሲያስረዳ ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ2010ዎቹ በአዲስ አበባ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንገዱ ተስፋፍተው፣ በኋላም ብዙዎቹ በከተማው አስተዳደር ተዘግተዋል። ወጣቱ ይይዘው የነበረው ማስረጃ ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ የታተመ ቁራጭ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ እያደር ደብዝዞ ይጠፋል። ከአሞሌው የተሰበረ ቁራጭ፣ ከባንኮክ ሸክላ፣ ከጋልቨስተንም ክብ ሲቀር፣ ከዚህ የቅርብ ዘመን ቁማር ግን ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ሊቀር ነው።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሐውልት ሲወስድ አንድ ቀን ደግሞ ወደ ቆራሌው መደብር ቢወስዳቸው፤ ሠዓሊው ቆርኪውን ለሥዕሉ ማጌጫ ከማድረጉ በፊት ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ፤ የባህል ሠራተኛውም በቆሼ ዙሪያ ከሚኖሩት አረጋውያን ዘንድ ቀርቦ የለዩትንና የሸጡትን፣ ስሙንም ዋጋውንም አንድ በአንድ ቢጽፍ፣ ለታሪክ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተርና የሰውን ዕውቀት የሚያከብር ጆሮ ይበቃል። ከኮረብታው ላይ በብረት ጭረው ኑሯቸውን የገፉት ሰዎች የከተማይቱን ታሪክ በእጃቸው ሲያገላብጡ ኖረዋል። የሚያውቁትን ለመጠየቅ ከእነርሱ ገና ያሉት አሉ።